ናሽናልስ ከ50 ጨዋታ በኋላ፦ ሕመሙ ያለው ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ነው

መክፈቻ ጽሑፍ፤ ዓርብ፣ ሜይ 24 ቀን 2019

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የቤዝቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ናሽናልስ ትናንት በኒውዮርክ ሜትስ ሜዳ ለአራተኛ ተከታታይ ቀን ተሸንፎ፣ 19 ድልና 31 ሽንፈት ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ከዓመቱ 162 ጨዋታዎች 50ዎቹ አልፈዋል። ከትናንት ጀምሮ የሚደርሱኝ መልእክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፦ አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይሰናበቱ፣ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ይሸጡ፣ ዓመቱም እንዳለቀ ይቆጠር። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ለማስረዳት ይፈቀድልኝ።

ጨዋታ የምከታተለው ደብተርና እርሳስ ይዤ ነው። ልጄ በሰፈራችን የሕፃናት ቡድን ውስጥ መጫወት በጀመረበት ዓመት፣ አሰልጣኙ ለወላጆች የውጤት አመዘጋገብ አስተማሩን። ለእያንዳንዱ መቺ አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር፣ በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ነው) አንድ ዓምድ አለው፤ በየሳጥኑ ውስጥ ትንሽ አልማዝ ይሣላል፤ ሯጩ ሁሉንም ቤዝ (የሜዳውን አራት ማዕዘኖች) ዞሮ ነጥብ ሲያስቆጥር አልማዙ በእርሳስ ይጠቁራል። የረቡዕን ገጽ አሁን ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ። በሜትስ በኩል ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ዓምድ ድረስ አንድም የጠቆረ አልማዝ የለም። ማክስ ሸርዘር ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ ምንም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወጣ፤ እኛም 1 ለ 0 እየመራን ነበር። ስምንተኛው ዓምድ ላይ ግን ስድስት የጠቆሩ አልማዞች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ጨዋታውም 6 ለ 1 ተጠናቀቀ። የትናንቱም ቢሆን የተሸነፍነው ካርሎስ ጎሜዝ በዚያው በስምንተኛው ኢኒንግ ሦስት ነጥብ ያስገኘ ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያልፍ ምት) ስለመታብን ነው። የማክሰኞው ደግሞ በዘጠነኛው ተወሰደ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሸርዘር፣ እስቲቨን ስትራስበርግና ፓትሪክ ኮርቢን ጨዋታ ከፍተው የሚወረውሩለት ቡድን፣ አንቶኒ ሬንዶንና ሁዋን ሶቶ የሚመቱለት ቡድን፣ ከሥሩ የታመመ ቡድን አይደለም። ሕመሙ ከፋቾቹን ከሚተኩት ወርዋሪዎች ዘንድ ነው፤ እነዚህም በአሁኑ ሰዓት ከሊጉ 30 ቡድኖች ሁሉ የከፋ ውጤት ያላቸው ናቸው። አንድ አካል ሲታመም ያ አካል ይታከማል እንጂ ሰውየው አይቀበርም። ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 60 በመቶውን ብናሸንፍ 90 ድል እንደርሳለን። ስለዚህ ጥያቄዬ፦ 50 ጨዋታ ቡድንን ለመፍረድ ይበቃል ወይስ አይበቃም?

የመልሶቹ ይዘት

ዘግይተው የገቡ ተሳታፊዎች የውይይቱ ክር ስለረዘመባቸው፣ የቀረቡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው እያነሣሁ እንዳስቀምጥላቸው ጠይቀውኛል። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ።

በ1ኛው መልስ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ጨዋ ሰው በጽሑፌ እንደሚስማሙ ገልጸው፣ ጉዳትን መርሳቴን በትሕትና አስታወሱኝ። ትሬ ተርነር ወደ ቤዝ ሲንሸራተት ጣቱን ሰብሮ ከስድስት ሳምንት በላይ እንዳልተጫወተ፣ እሱን የመሰለ ፈጣን ሯጭ የሌለው ቡድን ደግሞ ጠባብ ጨዋታዎችን ማሸነፍ እንደሚከብደው ጻፉ። 2ኛው መላሽ በፍሬ ነገሩ ተስማምተው አንዱን ነገር አረሙ፤ ተርነር የተጎዳው ኤፕሪል 2 ቀን ከፊላደልፊያ ጋር ስንጫወት፣ ኳሷን በዱላው ቀስ አድርጎ ሊነካት ሲሞክር ኳሷ አመልካች ጣቱን መትታው እንጂ ሲንሸራተት አይደለም። ሬንዶን በክርኑ፣ ሶቶ በጀርባው፣ ራያን ዚመርማን በውስጥ እግሩ ሕመም ምክንያት ከሜዳ የራቁባቸውን ቀናትም አከሉበት። እኔም ይህን በመክፈቻው ላይ መጻፍ ነበረብኝ።

3ኛው መልስ የክሩን ጠባይ የለወጠ ነው። ጸሐፊው ሽንፈት ሽንፈት መሆኑን፣ የደረጃ ሰንጠረዥም በስንተኛው ኢኒንግ ተሸነፍክ ብሎ እንደማይጠይቅ በአጭሩ ተናገሩ። ከዚያም ለእግር ኳስ ወዳጆች የሚገባ ስሌት አቀረቡ፦ ከ162 ጨዋታ 50 ማለት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ38 ጨዋታ 12 እንደ መጫወት ነው፤ በዚያ ደግሞ 12 ጨዋታ ተጫውቶ ከግርጌ አካባቢ የተገኘ ቡድን አሰልጣኙን ሲያሰናብት ማንም አይደነቅም። ስሌቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ቤዝቦል ታላቁም ቡድን ደጋግሞ የሚሸነፍበት ጨዋታ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ባለፈው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ቦስተን 108 ጊዜ ሲያሸንፍ 54 ጊዜ ተሸንፏል። 54 ጊዜ የተሸነፈ ታላቅ የእግር ኳስ ቡድን ማሰብ እንኳ አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መስፈር አይሆንም።

4ኛው መላሽ ሒሳቤን አረሙ፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። የ112 ጨዋታ 60 በመቶ 67 ድል ነው፤ በ19ኙ ላይ ሲደመር 86 እንጂ 90 አይሆንም። 90 ለመድረስ 71 አሸንፎ 41 ብቻ መሸነፍ፣ ማለትም ከ63 በመቶ በላይ ማሸነፍ ያስፈልጋል። ሰውየው ይህን ያሉት ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን፣ ተስፋ የሚያደርግ ሰው የተስፋውን ዋጋ አውቆ እንዲከፍል መሆኑን አስረድተዋል። 5ኛውና 6ኛው መልሶች በአጭሩ ሐዘናቸውን የገለጹ ናቸው።

7ኛውን መልስ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ታክሲ ነጂ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተራ ሲጠብቁ ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር በሬዲዮ የሚያስተላልፉትን ጨዋታ ያዳምጣሉ፤ እንግሊዝኛን በደንብ የለመዱትም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ድምፅ ነው። በዚህ ዓመት ግን ሰባተኛው ኢኒንግ እንዳለቀ ሬዲዮውን መዝጋት ጀምረዋል። አንድ ማታ ተሳፋሪያቸው ስንት ለስንት እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ እየመራን እንደነበር ብቻ እንደሚያውቁ ነገሩት፤ ተሳፋሪውም ምክንያታቸውን ሳይጠይቅ ስለገባው፣ እስከ ቤቱ ድረስ ሬዲዮው እንደተዘጋ አብረው በዝምታ ሄዱ።

8ኛው መላሽ ነገሩን ወደ ኋላ ወሰዱት። ቡድኑ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን በመጣበት በ2005፣ የዓመቱ እኩሌታ ላይ 50 አሸንፎ 31 ብቻ ተሸንፎ በምድቡ አንደኛ ነበር። ሁለተኛውን እኩሌታ ግን 31 አሸንፎ 50 ተሸነፈ፤ ዓመቱንም 81 ለ 81 ጨረሰ። ጸሐፊው በዚያ ክረምት በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም ተገኝተው እንደነበርና ከሐምሌ በኋላ የሕዝቡ ድምፅ ቀን በቀን ሲቀዘቅዝ በጆሯቸው እንደሰሙ ጻፉ። ነጥባቸው ግልጽ ነው፤ ያማረ መነሻ ካታለለን፣ የከፋ መነሻም ሊያታልለን ይችላል። እኔ ካቀረብኩት ማስረጃ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የራሳችን ቡድን ታሪክ ነው።

በ9ኛው መልስ የ1914 የቦስተን ብሬቭስ ተነሣ፤ ያ ቡድን ጁላይ 4 ቀን ከሊጉ መጨረሻ ነበር፣ በመጨረሻ ግን ሊጉን አሸንፎ በዓለም ዋንጫው (ወርልድ ሲሪስ) ፊላደልፊያን አራቱንም ጨዋታ አሸንፎ ጠርጎታል። 10ኛው መላሽ ለዚህ የሰጡት ምላሽ ጠንካራ ነበር፤ አንድን ተስፋ ለመደገፍ 105 ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ማስፈለጉ ራሱ ተስፋው ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያሳያል አሉ። ንግግራቸው ቢቆረቁረኝም ውሸት አላገኘሁበትም።

11ኛው መላሽ የቀድሞ ተጫዋቻችንን የብራይስ ሃርፐርን ጉዳይ አነሡ፤ ሃርፐር ከተነሣ ደግሞ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከመንገዱ መውጣቱ አይቀርም። ለፊላደልፊያ ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር የፈረመውን ሰው መልቀቅ የቡድኑን መንፈስ ሰብሯል ባይ ናቸው፤ ኤፕሪል 2 ማታ እዚሁ ሜዳችን ላይ ተመልሶ ሆም ረን ሲመታብንና ፊላደልፊያ 8 ለ 2 ሲያሸንፈን በቦታው ነበሩ። 12ኛው መላሽ የዚያኑ ምሽት ሌላ ገጽ አስታወሱ፤ ሸርዘር ሃርፐርን ሁለት ጊዜ በስትራይክ አውት (ኳሷን ሳይመታት) መልሶታል፣ ተርነርም የተሰበረው በዚያው ጨዋታ ነው። አያይዘውም የ20 ዓመቱ ሶቶና የ22 ዓመቱ ቪክቶር ሮብለስ ባሉበት ሜዳ ሃርፐርን መናፈቅ በልጆቹ ላይ ግፍ መሥራት ነው አሉ። በዚህ ከ12ኛው ጋር ነኝ። ስምንተኛውን ኢኒንግ ሃርፐር አይወረውርልንም ነበር።

13ኛው መልስ ስለ አሰልጣኙ ነው፤ ቃላቱ የሻከሩ ስለነበሩ የመድረኩ አስተባባሪ ጥቂቶቹን አንሥተዋል። የቀረው ሐሳብ፣ ማርቲኔዝ ረቡዕ ዕለት ከዳኛው ጋር ተከራክረው፣ ኮፍያቸውን መሬት ላይ ወርውረው ከሜዳ መባረራቸው የተስፋ መቁረጥ ምልክት ነው የሚል ነው። እኔ እንዲያውም በዚህ ዓመት ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥ ያን ዕለት ለተጫዋቾቻቸው ሲቆሙ አየኋቸው። 14ኛው መላሽ የበለጠ የሚያሳምን ነገር ጻፉ፤ የወርዋሪዎቹ አሰልጣኝ ዴሪክ ሊሊኲስት ሜይ 2 ቀን ተሰናብተው በፖል ሜንሃርት መተካታቸውን አስታውሰው፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ሳምንታት ስምንተኛው ኢኒንግ ተለውጦ እንደሆነ ጠየቁ። አልተለወጠም። ሰው መቀየር ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ምልክቱን እስካሁን ባየን ነበር።

15ኛው መላሽ በትሬቨር ሮዘንታል ላይ የተሳለቁ ናቸው። ሮዘንታል በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎቹ አንድም መቺ ማስወጣት ስላልቻለ፣ በወረወረው ኢኒንግ ልክ የሚሰላው አማካይ ውጤቱ በቁጥር ሊጻፍ አልቻለም፤ ሒሳቡ በዜሮ ማካፈል ሆኖ ነበርና። 16ኛዋ መላሽ፣ በሙያቸው የአካል ጉዳት ሕክምና ረዳት የሆኑ እኅታችን፣ በቁጣ መለሱላቸው። ይህ ሰው በ2017 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የ2018ን ዓመት በሙሉ ያልተጫወተ መሆኑን፣ ከዚህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ኃይል ቀድሞ እንደሚመለስና ኳሷን ባሰቡበት ቦታ ማሳረፍ ግን ከሁሉ ዘግይቶ እንደሚመጣ አስረዱ። ከተጎዳ ሰው የቀድሞ አቅሙን መጠበቅ የመረጡት ሰዎች ስሕተት እንጂ የእሱ ኃጢአት አይደለም። 15ኛው መላሽ በ17ኛው መልስ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይህን የማነሣው ይቅርታ በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ነው።

ከ18ኛው እስከ 21ኛው ድረስ ያሉት መልሶች ወደ ቋንቋ ዞሩ፤ እኔ ግን ከጉዳዩ የራቁ አልመሰሉኝም። እነዚህን ተተኪ ወርዋሪዎች በአማርኛ ምን እንበላቸው የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንደኛው ተጠባባቂ ማለት ይበቃል ሲሉ፣ ሌላው ተጠባባቂ የሚለው ቃል የመሰለፍ ዕድል ያላገኘን ሰው ያመለክታል፣ እነዚህ ግን በየቀኑ ይሠራሉ ብለው ተቃወሙ። በጎንደር ያደጉ አንድ አዛውንት ደግሞ ደጀን የሚለውን ቃል አቀረቡ፤ ፊት የወጣው ጦር ሲደክም ከኋላ ሆኖ የሚደርስለት ኃይል ደጀን ይባላልና። የኛ ፊተኛ ጦር ጠንካራ ነው፣ የጠፋብን ደጀኑ ነው ሲሉ ክሩን ወደ መንገዱ መለሱት። ከእንግዲህ እኔም ደጀን እላቸዋለሁ።

22ኛውና 23ኛው መላሾች ስለ ባቡር ተነጋገሩ፤ በዚህ ዓመት ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሜትሮው ባቡር ከምሽቱ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 11፡30 ላይ ስለሚያቆም፣ ደጀኑ ጨዋታውን ባስረዘመ ቁጥር ተመልካቹ ኔቪ ያርድ ጣቢያ ለመድረስ ከመጨረሻው ኢኒንግ በፊት ይወጣል። እውነት ነው፤ እኔና ልጄም አንድ ጊዜ ሦስተኛውን ወርዋሪ ሲቀይሩ ተነሥተን ወጥተናል፤ ልጄ ደረጃውን እየወረደ ወደ ኋላ ዞሮ ዞሮ ሲያይ መቆየታችን ይሻል እንደነበር ተሰማኝ።

24ኛው መላሽ ሬንዶንን አሁኑኑ መሸጥ ይገባል ብለው ተከራከሩ። ኮንትራቱ በዚህ ዓመት መጨረሻ ያበቃል፤ የልውውጥ ጊዜውም ጁላይ 31 ላይ ይዘጋል፤ ምንም ሳይገኝበት ከሚሄድ ወጣቶች ይምጡበት የሚል ነው። ሃርፐር ምንም ተጫዋች ሳይመጣበት መሄዱን ላየ ሰው ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። ነገር ግን ሜይ ሳያልቅ ስለ ጁላይ መወሰን ምን ያስቸኩላል? ሁለት ወር ይቀራል።

ስለ ዋናው ጉዳይ ከሁሉ የተሻለው መልስ 25ኛው ነው። ጸሐፊው ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ያሠለጠኑ ይመስለኛል፤ የደጀን መፍረስ ራሱን እንዴት እንደሚያባዛ ደረጃ በደረጃ አስረዱ። አሰልጣኙ ደጀኑን ካላመነ ከፋቹን ከሚገባው በላይ ሜዳ ላይ ያቆየዋል፤ ከፋቹ በሰባተኛው ኢኒንግ ሲደክም መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ እየተመላለሱ ስላዩት ኳሱን ይለምዱታል። ከደጀኑ አንድ ሰው ብቻ የሚታመን ሲሆን ደግሞ ያ አንዱ፣ በእኛ በኩል ሾን ዱሊትል፣ ለዘጠነኛው ተብሎ የተቀመጠው ሰው፣ በስምንተኛው እሳት ሲነሣ ሰዎች በቤዙ ላይ ቆመው ሳለ ይጠራል። ረቡዕ ዕለት የሆነው በትክክል ይኸው ነው፤ ዱሊትል የገባው ሌላው ሰው ያቀጣጠለውን እሳት እንዲያጠፋ ነበር፣ ሁዋን ላጋሬስ ቤዞቹ ሞልተው ሳለ መታበት። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ የሚጠራው ከእሱ ያነሰ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ ሰው ቢጨመር የሚድነው አንድ ኢኒንግ ብቻ አይደለም፤ ከፋቹ በጊዜ ይወጣል፣ ዱሊትልም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ሳነብ በመክፈቻዬ ላይ ልለው ፈልጌ ያልቻልኩት ሁሉ ተጽፎ አገኘሁት።

26ኛው መልስ በቀጥታ ወደ እኔ የመጣ ነው። ጸሐፊው ፍቅር ዓይኔን እንደሸፈነው፣ ደጀኑን የመረጠው ያው አስተዳደር ሆኖ ሳለ አካሉ ጤነኛ ነው ማለቴ ራስን ማታለል እንደሆነ፣ በየዓመቱም እንዲህ እያልን በጥቅምት፣ የዋንጫው ጨዋታዎች በሚደረጉበት ወር፣ ከቤታችን ሆነን የሌሎችን ጨዋታ እንደምናይ ጻፉ። ከዚህም አልፈው፣ በ2012 በካርዲናልስ ላይ 6 ለ 0 እየመራን 9 ለ 7 የተሸነፍንባት ያቺ ምሽት የትኛው ኢኒንግ ላይ እንደጠፋችብን አስታውሳለሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አስታውሳለሁ፤ ዘጠነኛው ላይ ነው። በ27ኛው መልስ የጻፍኩላቸውም ይህን ነው፦ አስተዳደሩ ደጀን በመምረጥ ደጋግሞ መሳሳቱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ግን ይህ ስሕተት የሚታረመው ደጀን በማምጣት ነው፣ ሬንዶንን በመሸጥና ማርቲኔዝን በማሰናበት ስምንተኛው ዓምድ አይነጻም። ፍቅር ስላሉትም አልካድኩም። 50 ጨዋታ በእርሳስ የጻፈ ሰው ቡድኑን እንደማይወድ ማስመሰል አይችልም።

28ኛው መልስ የተጻፈው ዓርብ ማታ ከማያሚ ማርሊንስ ጋር የተደረገው ጨዋታ እንዳለቀ ነው። 12 ለ 10 አሸነፍን። መላሹ ደስታቸውን ገልጸው፣ 12 ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን እስከ መጨረሻው ልቡ ተንጠልጥሎ መቆየቱ ግን የክሩን ክርክር በሁለቱም ወገን እንደሚያጸና ጻፉ። 3ኛው መላሽ ተመልሰው በ29ኛው ላይ፣ ድል ድል ስለሆነ ሰንጠረዡ ይህንንም እንዴት ተገኘ ብሎ እንደማይጠይቅ ተናገሩ፤ ይህ ከእሳቸው መምጣቱ ደስ አሰኝቶኛል።

የመጨረሻው፣ 30ኛው መልስ የመጣው ቅዳሜ ሌሊት ከዚያው ታክሲ ነጂ ነው። ኮርቢን ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው ብቻውን ወርውሮ፣ አራት ምት ብቻ ፈቅዶ፣ 5 ለ 0 አሸንፈናል። ሰውየው ሰባተኛው ኢኒንግ ሲያልቅ እጃቸውን ወደ ሬዲዮው ዘርግተው ነበር፤ ለስምንተኛውም የሚወጣው ኮርቢን ራሱ መሆኑን ሲሰሙ ተዉት፣ ጨዋታውንም እስከ መጨረሻው አዳመጡ። የእኔም ደብተር አጠገቤ ነው፤ በማርሊንስ በኩል ስምንተኛው ዓምድ ላይ ያሉት አልማዞች ሁሉ ነጭ ናቸው። ደጀኑ ግን ያን ማታ አልተነሣም፣ ስለዚህ ስለ እሱ ገና ምንም አላወቅንም።